ኪራዩ ሳይነካ በየወሩ የሚጨምሩት ክፍያዎች፦ ተከራይ ምን ማድረግ ይችላል?

ተከራይ ከጎሮ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። በግቢው የቤቱን ባለቤት ጨምሮ አራት ቤተሰብ አለ፤ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪና አንድ ሮቶ ለሁላችንም ያገለግላሉ። የገባነው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲሆን ውላችን ለሁለት ዓመት የተጻፈና በወረዳው የተመዘገበ ነው። ኪራዩ 9,000 ብር ነው፤ ይህ ቁጥር ከገባንበት ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተነካም።

የተነካው ሌላው ነው። ስንገባ ለመብራት 300፣ ለውሃ 200፣ ለጥበቃ 200፣ በድምሩ 700 ብር በየወሩ እንድንከፍል በቃል ተነግሮን ተስማማን፤ በውሉ ላይ ስለ እነዚህ ክፍያዎች አንድም ቃል አልሰፈረም። ስድስት ወር ሳይሞላ መብራቱ 500 ብር ሆነ። ታሪፍ ጨምሯል ተባልን፤ ይህ እውነት ስለነበር አልተከራከርንም። ቀጥሎ የቆሻሻ ተብሎ 150 ብር መጣ። ከዚያም ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋው ዳይናሞ ተቃጥሎ ስለተጠገነ የዳይናሞ የሚባል 200 ብር ተጨመረ፤ ጥገናው ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ክፍያው ግን አሁንም አለ። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ የግቢ ጽዳት 250 ብር ተባለ፤ ግቢውን በየተራ የምንጠርገው እኛው ተከራዮቹ ሆነን ሳለ ማለት ነው። በዚህ መሐል መብራት 900፣ ውሃ 450፣ ጥበቃ 500 ደርሷል። ሁሉም ሲደመር 2,450 ብር ነው። ከገባንበት ጊዜ ጋር ሳስተያየው የ1,750 ብር ልዩነት አለው፤ ይህም ከኪራዩ 19 በመቶ ያህል ማለት ነው።

ከሁሉም ልቤን የሰበረው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እናቴ ለሕክምና ከደብረ ብርሃን መጥታ ሦስት ሳምንት እኛ ዘንድ ባረፈች ጊዜ፣ በወሩ መጨረሻ ለእንግዳ ውሃ 500 ብር ተጠየቅን። እናቴ ይህን ስትሰማ ሕክምናዋን ሳትጨርስ ወደ አገሯ ልትመለስ ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀመረች። ያን ቀን የተሰማኝን ኀዘን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አከራያችንን እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ ልጄን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ፣ ስታመም አጥሚት የላኩልኝ ሴት ናቸው። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ተካስሼ ጉዳዩን መጨረስ አልፈልግም፤ በየወሩ የማላውቀውን ሂሳብ እየከፈልኩ ዝም ማለትም አልቻልኩም። የምጠይቃችሁ እንዲህ ነው። በውሉ ላይ ያልተጻፈ ክፍያ እንድከፍል ልገደድ እችላለሁን? መብራቱና ውሃው በጋራ ቆጣሪ ሲሆን ተገቢ ድርሻዬን እንዴት አውቃለሁ? ደግሞስ ይህን ነገር ጎረቤትነታችን ሳይበላሽ እንዴት ላንሳው?


ተከራይ ከ40/60 ኮንዶሚኒየም፦

እኅቴ፣ የእናትሽን ጉዳይ ሳነብ በጣም አዘንኩ። እኔ የምኖረው ግቢ ውስጥ ሳይሆን የ40/60 ሕንፃ ላይ ነው፤ ሆኖም ያጋጠመኝ ነገር ካንቺ ብዙም የራቀ ስላልሆነ ልንገርሽ።

በኮንዶሚኒየም ለጥበቃ፣ ለደረጃና ለኮሪደር መብራት፣ ለአሳንሰር፣ ለጽዳት የሚሆን ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበስበው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ ወጪን የመሸፈን ግዴታ የጣለው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው። በተግባር ግን አብዛኛው አከራይ ይህን መዋጮ ለተከራዩ ያስተላልፈዋል፤ እኔም ስገባ ይህንኑ ተስማምቼ፣ መጠኑን ከማኅበሩ ደረሰኝ አይቼ ነበር የፈረምኩት። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም፤ አሳንሰሩ የሚያወጣኝ እኔን ነው፣ ጥበቃውም የሚጠብቀው የእኔን ዕቃ ነው።

ችግሩ የመጣው ማኅበሩ አዲስ ጀነሬተር ለመግዛት ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ የሚከፈል ከፍ ያለ መዋጮ በጠየቀ ጊዜ ነው። አከራዬ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተው ላኩልኝና «ይህችን ከኪራዩ ጋር አስገባት» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ እኔ ከመግባቴ በፊት የነበረ የሰባት ወር ውዝፍ መዋጮ እንዳለ ከማኅበሩ ሰማሁ፤ ይህም ወደ እኔ ሊመጣ ነበር። እኔ በአክብሮት ያቀረብኩላቸው መልስ ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ ጀነሬተሩ ሲሠራ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ድርሻዬን እከፍላለሁ፤ ጀነሬተሩ ራሱ ግን እኔ ነገ ብወጣም እዚሁ የሚቀር፣ የቤትዎን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ንብረት ነው፤ ስለዚህ እሱን መግዛት የእርስዎ ድርሻ ነው።» ስለ ውዝፉም ያልኖርኩበትን ወራት መክፈል እንደማይገባኝ ነገርኳቸው። ጥቂት ቀናት ተቀየሙኝ፤ በኋላ ግን ማኅበሩ ጋ ሄደው ሁለቱንም ራሳቸው ከፈሉ።

ያንቺንም ዳይናሞ በዚህ መንገድ ተመልከቺው። ውሃውን ሲገፋ የሚበላው ኤሌክትሪክ በመብራቱ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩ ተቃጥሎ መጠገኑ ግን የባለንብረት ወጪ ነው፤ ለበጎ ግንኙነት ስትሉ አንድ ጊዜ ብታግዟቸው እንኳ፣ አንድ ጊዜ የተጠገነ ዕቃ በየወሩ ሊከፈልበት አይገባም። ሦስት ተከራዮች በወር 200 ብር ለአሥር ወር ከከፈላችሁ 6,000 ብር ሆኗል። የጥገናውን ደረሰኝ ጠይቃችሁ ነበር?


የሕግ ባለሙያ፦

የጠያቂዋን ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ውላቸውን ስላላየሁት የምሰጠው አስተያየት አጠቃላይ መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈልም ያዛል። ከሁሉም በላይ ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገን ግን የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ያደረገው ክፍል ነው። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ተከራዩ ነገ የሚከፍለውን ዛሬ አውቆ ኑሮውን እንዲያቅድ ነው። እንግዲህ ኪራዩ በ9,000 ብር ቆሞ ሳለ ከጎኑ ያሉት ክፍያዎች ያለ ገደብ የሚያድጉ ከሆነ፣ በአንድ በር የተዘጋው ጭማሪ በሌላ በር ገብቷል ማለት ነው።

ነገሩን የምለየው በክፍያው ስም አይደለም፤ በባሕሪው ነው። አንድ ክፍያ ከተከራዩ ፍጆታ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ አከራዩም ተቀብሎ ለሦስተኛ ወገን የሚያስተላልፈው ከሆነ፣ ይህ የአገልግሎት ወጪ ነው፤ ተጠቃሚው ቢከፍለው ተገቢ ነው። በአንጻሩ በየወሩ ቁርጥ የሆነ፣ ከፍጆታ ጋር ያልተያያዘ፣ ለማንም የማይተላለፍና በአከራዩ እጅ የሚቀር ክፍያ ከሆነ፣ እኔ የማነበው እንደ ኪራይ ነው። የግቢ ጽዳት የተባለውን 250 ብር ስንመለከት ግቢውን የሚያጸዱት ተከራዮቹ ራሳቸው ከሆኑና የተቀጠረ ሰው ከሌለ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ መጠየቅ የተከራይዋ ሙሉ መብት ነው። ስለ ጥበቃውም ዘበኛ በእርግጥ አለ ወይ፣ ደመወዙስ ስንት ነው፣ ለስንት ቤተሰብ ይካፈላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ቆሻሻው ክፍያ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ የሚሰበሰበው ከውሃ ሂሳብ ጋር ተዳምሮ ነው። ስለዚህ የውሃውን ሂሳብ በሙሉ የሚካፈል ተከራይ የቆሻሻውንም አብሮ ከፍሏል። ከዚያ በላይ የቆሻሻ ተብሎ 150 ብር ለብቻው ሲጠየቅ ሁለት ጊዜ የመክፈል ዕድሉ ሰፊ ነው። የውሃውን ደረሰኝ አይተው ያረጋግጡ።

በውሉ ላይ ያልተጻፈ ክፍያ ያስገድዳል ወይ ለተባለው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። አከራዩ የጽሑፍ ውሉ ላይ የሌለን ግዴታ በራሱ ፈቃድ ብቻ ሊጨምር አይችልም። ነገር ግን መብራትና ውሃ እየተጠቀሙ «አልተጻፈም» ብሎ ፈጽሞ አለመክፈል ከቅን ልቦና ጋር የሚሄድ አይደለም፤ ወደዚያ እንዳይሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። የተሻለው መንገድ ለፍጆታ የሚከፈለውን በተጨማሪ ጽሑፍ በግልጽ አስፍሮ፣ በሁለቱ ወገኖች ፊርማ የውሉ አካል ማድረግና በወረዳው የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ካለው ቅጂ ጋር ማያያዝ ነው። ውልዎ በሐምሌ 2018 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ስለሚሞላውና የዕድሳት ንግግር ስለሚኖር፣ ይህን ለማንሳት ያሉት ወራት የተመቹ ናቸው። እስከዚያው ኪራዩንና ተጨማሪ ክፍያዎቹን በአንድ ላይ አያስገቡ፤ ለየብቻ በባንክ ልከው በማብራሪያው ቦታ «የታኅሣሥ ኪራይ»፣ «የታኅሣሥ መብራት» ብለው ይጻፉ። ጠብ ቢነሳ በቃል ከተባለው ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ይህ ነው።

ስምምነት ካልተቻለ ቅሬታውን በመጀመሪያ ለዚሁ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል። ሆኖም ጠያቂዋ የገለጹት ዓይነት ቅርርብ ባለበት ግቢ በቅድሚያ በሽማግሌ ፊት መነጋገር ከማንኛውም ማመልከቻ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።


የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

ሕጉን የሚያውቁት ወንድማችን ስለጻፉ እኔ ስለ ቆጣሪው ልናገር፤ ሥራዬ ስለሆነ በየሳምንቱ የማየው ጭቅጭቅ ይህ ነው።

የጋራ ቆጣሪ ተከራይን የሚጎዳው አከራዩ ስለሚያስከፍል ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚለካበት መለኪያ)፣ ቀጣዩ እስከ 100፣ ከዚያ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ይደርሳል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። የታሪፉ ዓላማ ጥቂት የሚጠቀመው ድሃ በርካሽ እንዲያገኝ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሆን ግን ቆጣሪው የሚያየው አንድ ብዙ የሚበላ ደንበኛ ነው፤ ስለዚህ ለድሃ የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ ለአራቱም ይቀርባቸዋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል የተወሰነው ታሪፍ ደግሞ ይህን ጉዳት በየሦስት ወሩ ያሰፋዋል።

ድርሻን ለማወቅ አምፖል መቁጠር ከንቱ ነው። አንድ 10 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚበላው። 80 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በዚያው ሰዓት ልክ 12 ይሆናል። አነስተኛ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብንይዝለት በወር 30 ነው። አሁን ምጣዱን ተመልከቱ፤ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ እስከ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋገር ከሆነ በወር 42 ደረሰ ማለት ነው። እንግዲህ የግቢውን ሂሳብ የሚወስነው ማን ምጣድ አለው፣ ማን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያበስላል፣ ማን ውሃ በቦይለር ያሞቃል የሚለው ነው። አከራዮች ምጣድ የሚከለክሉት ያለ ምክንያት እንዳልሆነም መረዳት ያስፈልጋል፤ ቀጭን ሽቦ በተዘረጋበት ሰርቪስ ቤት ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሠራ መስመሩ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ጠያቂዋን ልጠይቅዎት፤ እርስዎ ምጣድ አለዎት? ከሌለዎትና ያለዎት ሦስት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ትንሽ ፍሪጅ ከሆነ ፍጆታዎ በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በራስዎ ቆጣሪ ቢሆን በመጀመሪያው ደረጃ ወይም ጠርዙ ላይ ይሆኑ ነበር፤ ለዚህ ፍጆታ 900 ብር ብዙ ነው።

መፍትሔው ንዑስ ቆጣሪ ነው። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ይሸጣል፤ ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት በሚሄደው መስመር ላይ በግል ባለሙያ ይገጠማል። የመሥሪያ ቤቱን ቆጣሪና ማሸጊያውን ግን ማንም እንዳይነካ። በወሩ መጨረሻ ጠቅላላው ሂሳብ በብር ለጠቅላላው ኪሎ ዋት ሰዓት ይካፈልና በእያንዳንዱ ቤት ንባብ ይባዛል። ይህ ሁሉም በአንድ ዋጋ እንዲከፍል ያደርጋል፤ የቤቱ ባለቤትም ጭምር። ደግሞም ጠቅላላውን ሂሳብ ለማየት አከራዩን መለመን አያስፈልግም፤ የደንበኛ መለያ ቁጥሩ ካለ በቴሌብር ማየት ይቻላል።


አከራይ ከየካ፦

እኔ አከራይ ነኝ፤ በጡረታ የምተዳደር የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን በግቢዬ ሁለት ቤተሰብ አሉ። የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ በአብዛኛው ብስማማም የእኛም ነገር እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

የአንድ ዘበኛ ደመወዝ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረበት ጋር አይገናኝም። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎ ከፍ ብሏል። በኪራይ ገቢውም ግብር እንከፍላለን። የመብራቱን ታሪፍ ባለሙያው ነግረዋችኋል። ኪራዩ በሕግ በተወሰነ መጠን ብቻ የሚጨምር ሲሆን፣ የቤቱ ወጪ ግን እኛን ሳይጠይቅ ይጨምራል። አንዳንድ አከራይ ተጨማሪ ክፍያ ውስጥ የሚገባው ከስስት ተነሥቶ ሳይሆን ጎደሎውን የሚሞላበት ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። ይህን ስል ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የጣሪያውን ግብር በውሃ ሂሳብ ላይ ደምሬ ለተከራዮቼ ነግሬ ነበር። አንደኛው ወጣት ደረሰኙን እንዳሳየው በትሕትና ሲጠይቀኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። በጣም አፈርኩ፤ ገንዘቡንም መለስኩ። ከዚያ ወዲህ የመብራቱንና የውሃውን ደረሰኝ በየወሩ በር አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከሥሩ እኔን ጨምሮ የሦስታችንን ድርሻ እጽፋለሁ። ጭቅጭቅ ቀርቷል።

በኪራይ ላይ ያለኝን ጥያቄ ግን በኪራይ ስም ነው የማነሳው፤ ጊዜው ሲደርስ በተፈቀደው ልክ እጨምራለሁ፤ ተከራዮቼም ያውቁታል።

ስለ እናትዎ ግን እኅቴ፣ እኔ በአከራይነቴ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። የታመመች እናት ልጇ ቤት ስታርፍ ውሃ የሚቆጠርበት አገር አልነበረንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ጉዳዩ የውሃው እጥረት ከሆነ እንኳ «ልጄ፣ ውሃው እንዳያልቅብን እንቆጥብ» ተብሎ ይነገራል እንጂ ዋጋ አይቆረጥበትም። አከራይዎ አጥሚት የላኩ ሴት ከሆኑ ይህ ነገር ቢነገራቸው ይጸጸታሉ ብዬ አስባለሁ። ቡና አፍልተው፣ ሰው ሳይበዛ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ያናግሯቸው። በተለይ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር ተሰብስበው በአንድ ላይ አይሂዱባቸው፤ አንድ ሰው ሦስት ሆነው ሲመጡበት የሚያደምጠው ክሱን እንጂ ጥያቄውን አይደለም።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ይህ ነገር የአገር ቤት ብቻ እንዳልሆነ ለመናገር ያህል ነው። እኔ በምኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ብዙ ሐበሻ ባለበት አካባቢ፣ በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ኪራይና በወሩ መጨረሻ ከሒሳባችን የሚወጣው ገንዘብ አይገናኙም ነበር፤ የቆሻሻ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የጋራ መገልገያ እየተባለ ይጨመራል። የውሃውም ሂሳብ ቆጣሪ በሌለበት ሕንፃ በቤቱ ስፋትና በነዋሪው ቁጥር እየተካፈለ ይመጣል።

ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2023 የኪራይ ጭማሪ ገደብ ሕግ አወጣ፤ በ2024 ሥራ ላይ ዋለ። ዓመታዊው ጭማሪ በዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ከሚመጣው ወይም ከ6 በመቶ፣ ከሁለቱ ዝቅተኛ ከሆነው እንዳይበልጥ ይላል። ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው ግን ሌላኛው ክፍል ነው፤ ደንቡ ኪራዩን ብቻ ገድቦ አልተወም፣ አከራይ ከኪራይ ውጪ ሊያስከፍል የሚችላቸውን ክፍያዎችም ገደበ። ይህ የተደረገው ኪራዩ ሲታሰር ገንዘቡ በክፍያ ስም እንደሚወጣ ስለታወቀ ነው። የአዲስ አበባውም የኪራይ ቁጥጥር በየወረዳው በሚመዘገበው ውል ላይ ለተጨማሪ ክፍያዎች ግልጽ ቦታ ቢኖረው፣ የመብራትና የውሃ ድርሻ በምን እንደሚሰላ በአንድ መስመር ቢጻፍ፣ ጠያቂዋ ዛሬ የሚጨነቁበት ነገር ግማሹ ባልኖረ ነበር ብዬ አስባለሁ።


ተከራይ ከጎሮ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባለሙያው እንዳሉት የደንበኛ መለያ ቁጥሩን ከቆየ ደረሰኝ ላይ አግኝቼ በቴሌብር አየሁት። የታኅሣሥ ወር የግቢው ጠቅላላ የመብራት ሂሳብ 2,140 ብር ነው። ሦስታችን ተከራዮች በየፊናችን 900 ብር ስንከፍል 2,700 ብር ሆኗል። ስለዚህ ምጣድ፣ ቦይለርና ትልቅ ፍሪጅ ያለበትን የዋናውን ቤት ፍጆታ ሙሉ በሙሉ ሸፍነን፣ ከዚያም 560 ብር ተርፎ ነበር ማለት ነው። እኔ ምጣድ የለኝም፤ እንጀራ የምገዛው ከውጪ ነው። የውሃው ደረሰኝ ላይም የቆሻሻ ክፍያ እንዳለበት በዓይኔ አየሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

ከዚያ በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፈላሁና እትዬንና ሁለታችንም የምናከብራቸውን አንዲት የእድር ጎረቤታችንን ጠራሁ። አስቀድሜ ያወራሁት ስለ እናቴ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ብቻ። እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያን ወር ሮቶው ሁለት ጊዜ ደርቆ ውሃ በበርሜል በመግዛታቸው ተናደው እንደተናገሩት፣ እናቴ እንደሰማችም እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ በማግስቱ ራሳቸው ደብረ ብርሃን ደውለው እናቴን አናገሯት። ወረቀቱን ሳሳያቸው ሂሳቡን የሚሠራላቸው ልጃቸው እንደሆነ፣ እሳቸው ደረሰኙን አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። አመንኳቸው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። የግቢ ጽዳትና የቆሻሻ ክፍያ ከዚህ ወር ጀምሮ ቀርቷል። የዳይናሞውም ቀርቷል፤ የጥገናው ደረሰኝ 3,800 ብር ሆኖ ስለተገኘና እኛ ከዚያ በላይ ስለከፈልን፣ ትርፉ በሚቀጥለው የውሃ ሂሳብ ላይ ይቀነስልናል። ለአራቱም ቤት ንዑስ ቆጣሪ ይገጠማል፤ ዋጋውን እትዬ ግማሽ፣ እኛ ግማሽ እንሸፍናለን። ውሃው እስከዚያው ለሰው ቁጥር ይካፈላል፤ እንግዳ አይቆጠርም። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ የእድር ጎረቤታችን ምስክር ሆነው ተፈራርመንበታል፤ ወደ ወረዳው የምንወስደው ውሉ ሲታደስ አብሮ ይሆናል።

ያልተፈታው ጥበቃው ነው። ዘበኛው የሚጠብቀው የእኛን ግቢ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ያለውን የእትዬን ወንድም ሱቅም ጭምር ነው፤ ከዚያ በኩል ስንት እንደሚዋጣ አላወቅንም። እትዬ ወንድማቸውን አነጋግረው እስኪነግሩን ድረስ 500 ብሩን እየከፈልን እንድንቆይ ጠይቀውናል፤ ባለቤቴ አልተዋጠለትም፣ እኔ ግን ለአንድ ወር ፈቅጃለሁ። ባለፉት ወራት በመብራቱ ላይ በትርፍ የከፈልነውን ደግሞ አልጠየቅኩም። መጠየቅ እንደነበረብኝ የሚነግሩኝ አሉ፤ በቤቱ በሰላም ለመኖር ስል የተውኩት በራሴ ፈቃድ ነው።

ለባለሙያው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ንዑስ ቆጣሪው ሲገጠም ማን ያንብበው፣ በየትኛውስ ቀን?


የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

እንኳን ደስ አለዎት። ንባቡ የመሥሪያ ቤቱ አንባቢ ዋናውን ቆጣሪ በሚያነብበት ቀን ይሁን፤ ቀኑ ከተለያየ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፣ ያኔ እንደገና መጠራጠር ይመጣል። አራቱንም ንዑስ ቆጣሪዎችና ዋናውን በአንድ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ለሁላችሁም ላኩ። የአራቱ ድምር ከዋናው ጥቂት ቢያንስ አትደንግጡ፤ የዳይናሞውና የግቢው መብራት ያለ ንዑስ ቆጣሪ ስለሚሄድ ነው፤ ያንን ልዩነት ለአራት ተካፈሉት። ልዩነቱ በድንገት ከወትሮው እጅግ ከበዛ ግን መስመሩ ላይ ስርቆት ወይም የተላጠ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል፣ ሳትነኩት ባለሙያ ጥሩ።